አሸንጌ የተባለው ሰርጓጅ መርከብ

ስሙ ከየት መጣ?

ከጎብዬ ወደ ሰሜን ሮቢትን፣ ቆቦንና አላማጣን አልፎ ግራካሱን የወጣ ሰው ኮረም ይገባል። ከኮረም ትንሽ እልፍ ሲል አሸንጌ ሐይቅ ነው። በዚህ ሐይቅ ስም የተጠራ የጦር ሰርጓጅ መርከብ ነበር፤ የሰመጠው ግን ሲሲሊ ደሴት አጠገብ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሸነፈው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍግ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡበት። ኢጣሊያ ያስታጠቀቻቸው የራያና የአዘቦ ሰዎችም ከጎን ወጉት፤ የራሳችን ታሪክ ነውና አንዝለለው። ፋሺስቶቹ በዚህ ጦርነት የያዟቸውን ቦታዎች ስም ለአዳዲስ ሰርጓጆቻቸው ሰጡ። “አድዋ” በሚባለው ምድብ ከተሠሩት 17 መርከቦች መካከል አክሱም፣ አራዳም፣ አላጌ፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ተምቤን፣ ደሴና አሸንጌ ይገኙበታል። እያንዳንዱ ርዝመቱ 60 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚያች ጠባብ ቱቦ ውስጥ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ይኖሩ ነበር።

መርከቦቹ ምን ሆኑ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሸንጌ ኅዳር 6 ቀን 1935 ዓ.ም. ከአልጄሪያ ጠረፍ ላይ አልጀሪን የተባለውን የእንግሊዝ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ በቶርፔዶ መትቶ አሰጠመ። የሱ ተራ የደረሰው ሐምሌ 16 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው፤ ሲሲሊ አጠገብ ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አሰጠሙት። ደሴ ቀደም ብሎ ኅዳር 19 ላይ አልጄሪያ አቅራቢያ፣ ጎንደር ደግሞ በ1933 መጀመሪያ ግብፅ አጠገብ ጠፍተዋል። ከ17ቱ ጦርነቱን የተረፈው አላጌ ብቻ ነው።

መቀሌን የመረዘው አየር

ከሁሉም የሚገርመኝ የመቀሌ ታሪክ ነው፤ እሱን ያጠፋው ጠላት አይደለም። ኢጣሊያ ወደ ጦርነቱ ስትገባ መቀሌ ምፅዋ ላይ ነበር። የሰኔ ቀይ ባሕር ሙቀቱ አይቻልም፤ ሰርጓጅ ደግሞ ሲጠልቅ ክዳኑ ስለሚዘጋ ሠራተኛው ያንኑ የታፈነ አየር ነው ደጋግሞ የሚተነፍሰው። አየሩን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ የሚሠራው ሜቲል ክሎራይድ በተባለ ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታውም ደካማ ስለሆነ ሾልኮ ሲወጣ ቶሎ አይታወቅም። የሚያጠቃው የነርቭ ሥርዓትን ነው፤ ያዞራል፣ ያስክራል፣ ያቃዣል።

መርከበኞቹ አንድ በአንድ ተመረዙ። የመርከቡ አቅጣጫ ተዛባና ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ካለች ጠፍ ደሴት ጋር ተጋጨ። ሰዎቹ ደሴቷ ላይ ወጥተው አንድ ጓደኛቸውን እዚያው ቀበሩ፤ የተረፉትን ከሳምንት በኋላ ሌላ ሰርጓጅ መጥቶ ወሰዳቸው። ፐርላ የተባለው ሰርጓጅም በዚያው ወር በዚሁ ጋዝ ተመትቶ መሬት ላይ ተቀርቅሯል። አሸንጌ ዳር ጋዝ የረጨ መንግሥት የራሱን መርከበኞች በቸልተኝነት በጋዝ ማስመረዙን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል።

ዘግይቶ የሚገድለው አቧራ

ጋዙ በሰዓታት ይጥላል። ሌላው የመርከብ መርዝ፣ አስቤስቶስ፣ ግን 20፣ 30፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በላይ ይጠብቃል። አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ፣ እንደ ጥጥ የሚፈታ፣ እሳት የማይበላው ማዕድን ነው። ስለዚህም በዚያ ዘመን የጦር መርከቦች ትኩስ ቧንቧና የሞተር ጭስ ማውጫ በሱ ይጠቀለል፣ ጓርኒሲዮንም ከሱ ይሠራ ነበር። ሲቆረጥ፣ ሲያረጅ ወይም ሲንቀጠቀጥ በዓይን የማይታይ ቃጫ አየር ላይ ይለቃል። የተተነፈሰው ቃጫ ሳንባ ውስጥ ይሰካል፤ ሰውነት ሊያሟሟው አይችልም። መዘዙ የሳንባ መጠጠር፣ የሳንባ ካንሰር፣ እንዲሁም ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው።

ከአሸንጌ ጋር የሰመጡት አስቤስቶስ እስኪገድላቸው አልቆዩም። የቆዩት መርከብ ሠሪዎቹ ናቸው። አድዋ፣ አክሱም፣ አራዳምና አላጌ የተሠሩት ሞንፋልኮኔ በተባለች የሰሜን ኢጣሊያ የወደብ ከተማ ነው። አስቤስቶስ እዚያ መርከብ ሲሠሩ ከኖሩት ብዙዎቹን ስለገደለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የቀድሞ ኃላፊዎች ተፈርዶባቸዋል። ኢጣሊያ ማዕድኑን የከለከለችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ጋ የት ይገኛል?

ባሕር የለንም፣ ጋራዥ ግን አለን። በአሮጌ መኪኖች የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ በአሮጌ የሲሚንቶ ጣሪያና የውኃ ቧንቧም እንዲሁ። ጎማ ፈትቶ የፍሬኑን አቧራ በኮምፕሬሰር መንፋት ቃጫውን ወደ ሳንባ መላክ ነው። በውኃ አርሶ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ጣሪያውም ካልተሰበረ አይነካ፤ በመጋዝ መቁረጥ ነው የሚያስፈራው።

ለጋራዥ ተለማማጆች አንድ ነገር ልጨምር፦ ቱታችሁን እዚያው አውልቁ፣ ቤት ይዛችሁ አትግቡ። አስቤስቶስ ሲነኩ የዋሉ ባሎቻቸውን ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሚስቶች፣ ፋብሪካውን በእግራቸው ሳይረግጡ፣ በዚሁ ሜሶቴሊዮማ ሞተዋል።