ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም
(ኔትወርክ ለጀማሪዎች)



የኮርስ ምዝገባ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው በዶርም ኮሪደር ላይ የሚሰማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «ዋይፋዩ ሞቷል» ይላል። ሌላው «ኧረ ለእኔ ቴሌግራም እየሠራልኝ ነው» ይለዋል። ሦስተኛው ስልኩን ደጋግሞ ያጠፋል፣ ያበራል። ሁሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት የምንለው ነገር አንድ ዕቃ አይደለምና፤ ተራ በተራ የተያያዙ የብዙ ሥራዎች ድምር ነው። አንዱ ሥራ ሲቆም ሌላው ላይቆም ይችላል። እነዚህን ሥራዎች በቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው ችግሩ የት እንዳለ በጥቂት ደቂቃ ይለያል፤ የይለፍ ቃሉንም ለማያውቀው ሰው አሳልፎ አይሰጥም። ይህን ለማወቅ የግድ የኢንጂነሪንግ ወይም የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ፕሮቶኮል ምንድን ነው?

ፕሮቶኮል በአጭሩ ስምምነት ነው። ሁለት ሰዎች ሲደዋወሉ አንዱ «ሃሎ» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ወሬው ይቀጥላል፣ በመጨረሻ ተሰነባብተው ይዘጋሉ። ቅደም ተከተሉን ማንም ጽፎ ባይሰጣቸውም በልማድ ያውቁታል። ኮምፒውተር ግን ልማድ የለውም፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ መልስ ካልመጣ ስንት ጊዜ እንደሚጠበቅ፣ ሁሉም ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል። በተለያዩ ኩባንያዎች የተሠሩ ስልክ፣ ላፕቶፕና ሰርቨር የሚግባቡት ሁሉም ያንኑ የተጻፈ ስምምነት ስለሚከተሉ ነው።

የዛሬው ኢንተርኔት የቆመበትን ሐሳብ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ አቀረቡት። አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ ኔትወርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ ቲሲፒ/አይፒ ተሸጋገረ። ዛሬም የምንጠቀመው እሱኑ ነው።

አሁን አንድ ተማሪ ስልኩ ላይ የምዝገባውን ገጽ ሲከፍት የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ እንከተል።

1ኛ. የአየሩ መንገድ

ስልኩ በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው የዋይፋይ ሳጥን ጋር ይገናኛል። ስልካችን «ተገናኝቷል» ሲለን የሚነግረን ይህንን ብቻ ነው፤ ከሳጥኑ ወዲያ ስላለው ነገር ምንም አልተናገረም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

2ኛ. አድራሻ መቀበል

ከዚያ ስልኩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን ተቀብሎ አድራሻ የሚያድለው አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። የሚታደለው ቁጥር አይፒ አድራሻ ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.37። የተለመደው አይፒ (ስሪት 4) በ32 ቢት ስለሚጻፍ ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው፤ ለዓለም መሣሪያዎች ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለውስጥ አገልግሎት ተትተዋል። እነሱን በየግቢው ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ብዙ ስልክ አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራል። በ128 ቢት የሚጻፈው ስሪት 6 የተሠራውም ይህን እጥረት ለመፍታት ነው።

ይህ እኛን እንዴት ይነካናል? አንድ የተለመደ ትንሽ ኔትወርክ ለመሣሪያዎች የሚያድለው ቢበዛ 254 አድራሻ ነው። ከዚያው ላይ አንዱን ራውተሩ ራሱ ይወስዳል። በአንድ ሕንፃ 300 ስልክ በአንድ ጊዜ ቢጠይቅ፣ ሞገዱ ሙሉ ሆኖ እያለ የተወሰኑት አድራሻ ሳያገኙ ይቀራሉ። ስልኩ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ብሎ ከቆመ፣ ወይም ላፕቶፑ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካሳየ፣ አድራሻ አልደረሰውም ማለት ነው።

3ኛ. ራውተር

ራውተርን እንደ መነኸሪያ አስቡት። ከጅማ ወደ መቀሌ የሚሄድ መንገደኛ ጅማ ላይ ሆኖ የመንገዱን ሁሉ ዝርዝር ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ጅማ ያለው መነኸሪያ «ወደ አዲስ አበባ ሂድ» ይለዋል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ የቀጣዩን ይጠይቃል። ራውተርም የሚወስነው ቀጣዩን እርምጃ ብቻ ነው። አንድ መልእክት መድረሻው እስኪደርስ ብዙ ራውተሮችን ሊያልፍ ይችላል። ሀገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚሄደው መልእክት በጎረቤት ሀገሮች በኩል፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ አልፎ በባሕር ሥር ከተዘረጉ ኬብሎች ጋር ይገናኛል።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪ.ሜ. ይጓዛል። ሰርቨሩ 10,000 ኪ.ሜ. የኬብል መንገድ ቢርቅ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 100 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ገጽ እንዲህ ያለ ምልልስ ብዙ ጊዜ ካስፈለገው፣ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ቀስ ማለቱ አይቀርም።

4ኛ. ስምን ወደ ቁጥር መለወጥ

እኛ የምንጽፈው ስም ነው፤ ራውተሮች የሚያውቁት ግን ቁጥር ነው። ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚነግረው አሠራር ዲኤንኤስ ይባላል፤ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ነደፈው። ስልካችን ላይ ስም ስንመርጥ ቁጥሩ ተፈልጎ እንደሚደወለው ማለት ነው። ዲኤንኤስ ሲታመም መስመሩ ደኅና ሆኖ እያለ ገጾች አይከፈቱም። ቁጥሩን አስቀድመው ያወቁ መተግበሪያዎች ግን ሊሠሩ ይችላሉ። «ለእኔ ቴሌግራም ይሠራልኛል» ያለው ተማሪ ያላበለውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

5ኛ. ቆራርጦ መላክ

መልእክቱ የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ነው። በተለመደው ኤተርኔት አንድ ፓኬት ከ1500 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ 3 ሜጋ ባይት የሚሆን የሌክቸር ፋይል ከ2000 በላይ ፓኬት ሆኖ ይመጣል። ሃያ ገጽ ማስታወሻ በተለያዩ መንገደኞች እጅ እንደመላክ ቁጠሩት፤ አንዱ ሊዘገይ፣ አንዱ ሊጠፋ ይችላል። ቲሲፒ በየቁራጩ ላይ ተራ ቁጥር ያደርጋል፤ ተቀባዩ የደረሰውን እየነገረ የጎደለው በድጋሚ ይላክለታል። ከዚያ በፊት ሁለቱ ወገኖች በሦስት አጫጭር መልእክቶች ይተዋወቃሉ፦ «እንነጋገር?»፣ «እሺ፣ አንተስ ዝግጁ ነህ?»፣ «ዝግጁ ነኝ»።

ዩዲፒ የሚባለው ሌላው ፕሮቶኮል ግን የጠፋውን አይጠብቅም። ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ በብዛት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ከሦስት ሰከንድ በፊት የጠፋች ቃል አሁን ብትመጣ ወሬውን ከማበላሸት በቀር አትጠቅምምና።

ችግሩ የት ነው? በቅደም ተከተል ፈትሹ

ላፕቶፕ ላይ ፒንግ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ወዲያኛው ወገን «አለሁ» ይላል።

ሀ) አይፒ አድራሻችሁን እዩ። ከሌለ ወይም በ169.254 ከጀመረ ችግሩ አድራሻ ማደሉ ላይ ነው። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ካልሆነ ሰው የቀነሰበትን ቦታ ሞክሩ።
ለ) ከአድራሻችሁ አጠገብ የሚታየውን የራውተር (ጌትዌይ) ቁጥር ፒንግ አድርጉ። ካልመለሰ ችግሩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።
ሐ) ራውተሩ ከመለሰ 8.8.8.8 ላይ ሞክሩ። ይህ የጉግል ዲኤንኤስ አድራሻ ነው። ካልመለሰ ከግቢ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።
መ) ቁጥሩ መልሶ ስም ብቻ እምቢ ካለ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው።
ሠ) ሌላው ሁሉ ሠርቶ አንድ ገጽ ብቻ ካልተከፈተ ችግሩ ያለው ሰርቨሩ ጋ ሊሆን ይችላል፤ ስልካችሁን መነካካት ብዙ አይጠቅምም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ኔትወርክ ፒንግን ይከለክላል፤ ስለዚህ የአንድ ፈተና መልስ ብቻውን አይበቃም። ደግሞም ግቢያችሁ መግቢያ ገጽ ካለው፣ በዚያ ሳትገቡ ሌላው ሁሉ ዝግ ነው። ለቴክኒክ ክፍሉ «ኢንተርኔት የለም» ከማለት «ራውተሩ ይመልሳል፣ ወደ ውጭ ግን አይወጣም» ብትሉ ጥገናው ይፈጥናል።

የይለፍ ቃላችሁን ጠብቁ

የዋይፋይ ስም ማንም ሊያወጣው ይችላል። አንድ ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ የግቢውን ዋይፋይ ስም ቢሰጠው ስልካችሁ ልዩነቱን ላያውቅ ይችላል። እዚህ ላይ የሚጠብቀን ኤችቲቲፒኤስ ነው፤ በእናንተና በሰርቨሩ መካከል የሚሄደውን ነገር በምስጢር ቁልፍ ይሸፍናል፣ ሰርቨሩም የስሙ ባለቤት መሆኑን በሰርተፍኬት ያረጋግጣል። መሐል ያለ ሰው የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኛችሁ ሊያውቅ ይችላል፤ የጻፋችሁትን ግን አያነብም።

ስለዚህ ብሮውዘሩ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ምዝገባው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ቢቀረውም እንኳ አልፋችሁ የይለፍ ቃል አትጻፉ፤ ወደ ሞባይል ዳታ ቀይሩ። የቁልፉ ምልክት መኖርም የገጹን ባለቤት ታማኝነት አይመሰክርም። አጭበርባሪም ለራሱ ገጽ ሰርተፍኬት ማውጣት ይችላል። ስለዚህ የአድራሻውን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. ስልካችሁ «ተገናኝቷል» ሲል ምን አረጋግጦላችኋል? ምንስ አላረጋገጠም?
2. 8.8.8.8 ይመልሳል፣ የድረ ገጽ ስም ግን አይከፈትም። ችግሩ የት ነው?
3. ለቪዲዮ ጥሪ ዩዲፒ፣ ለሌክቸር ፋይል ቲሲፒ የሚመረጠው ለምንድን ነው?

መልሱን ለአንድ የዶርም ጓደኛችሁ አስረዱት፤ ማስረዳት ከቻላችሁ ገብቷችኋል ማለት ነው።