የቆመ የነፋስ መዘውርና ክንዶቹ

በእንጭኒና በአካባቢዋ ገብሱን ወቅቶ በአውድማ ላይ ነፋስ የሚጠብቅ ገበሬ የነፋስን ጉልበት ከመጽሐፍ አልተማረም። ይህንኑ ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ የነፋስ መዘውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አንደኛው የአዳማ ጣቢያ 34 መዘውሮች ሲኖሩት ኃይላቸው በጠቅላላው 51 ሜጋ ዋት ነው። የእነዚህ መዘውሮች ዘንግ የተጋደመ ነው። ዘንጉ ቀጥ ብሎ የቆመ ሌላ ዓይነትም አለ፤ ይህም ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ፊቱን ማዞር አያስፈልገውም። ስለዚህ መዘውር በገዛ እጁ ለመሥራት የሚፈልግ ተማሪ ዘወትር የሚመርጠው ይህን ነው። ነገር ግን ክንፎቹን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ብዙ ኃይል ይበላሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ክንፉ ሲዞር ከነፋሱ ሦስት እጥፍ ሊፈጥን ይችላል፤ የክንዱም ጫፍ አብሮት ይፈጥናል፤ አየሩም ይቃወመዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ፣ የሚባክነው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁመታቸው 2 ሜትር የሆነ ሦስት ክንፎች ከዘንጉ 1 ሜትር ርቀው ይዞራሉ እንበል። የነፋሱ ፍጥነት በሴኮንድ 6 ሜትር ነው። የደጋ አየር ስስ ስለ ሆነ የአንድ ሜትር ኩብ ክብደቱን 0.95 ኪሎ ግራም እንውሰድ። በመዘውሩ ስፋት ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ 410 ዋት ያህል ኃይል አለው፤ ክንፎቹ ከመቶ 30 እጁን ቢይዙ 123 ዋት ይሆናል። አሁን እያንዳንዱን ክንፍ በሁለት ክንድ፣ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ቧንቧ እንደግፈው። ስድስቱ ክንዶች በመዞራቸው ብቻ 114 ዋት ያህል ያባክናሉ! ለአምፑል የሚተርፈው 9 ዋት ነው ማለት ነው። (የሒሳብ ወዳጆች በደብተራቸው ይሞክሩት።)

ከዚህም ብክነት ከ16 እጅ 15ቱ የሚደርሰው ከዘንጉ በራቀው የክንዱ ግማሽ ላይ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው። ፊቱ ድቡልቡል፣ ኋላው እየቀጠነ የሚሄድ የዓሣ ቅርጽ ያለው ክንድ፣ ውፍረቱ ከክቡ ቧንቧ ጋር እኩል ቢሆንም፣ የአየሩ ተቃውሞ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርድለታል። ዘንጉም ቢሆን ከበስተኋላው የተረበሸ አየር ስለሚተው፣ በዚያ በኩል የሚያልፈው ክንፍ ለጊዜው ይደክማል፤ ስለዚህ ጥንካሬው እስከ ፈቀደ ድረስ ቢቀጥን ይሻላል።

ፈረንሳዊው ዦርዥ ዳርዩስ እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ ባስመዘገበው ፈጠራ፣ ክንፎቹን ሁለት ልጆች ይዘው እንደሚያሽከረክሩት የመዝለያ ገመድ ማጉበጥ እንደሚቻል አሳይቷል። እንዲህ የጎበጠ ክንፍ ጫፎቹ ከዘንጉ ጋር ስለሚገናኙ ረጅም ክንድ አያሻውም። በዚህ መልክ በካናዳ በካፕ ሻ የተሠራው ኤዮል የተባለው መዘውር ቁመቱ 110 ሜትር ነበር። ሆኖም ዘንጉን ቀጥ አድርገው የያዙት የብረት ገመዶች ወደ ታች ስለሚጫኑት፣ የመዘውሩ ክብደት ሁሉ ተጨምሮ በታችኛው ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ኤዮልም እ.ኤ.አ. በ1993 በዚሁ ኩሽኔታ ብልሽት ሥራውን አቆመ።

በብየዳ ቤት የሚገኘው ግን ያው ክብ ቧንቧ ነው። ለዚህ ቀጭን ቆርቆሮ በዓሣ ቅርጽ አጥፎ፣ የቀጠነውን ጎን ወደ ኋላ በማድረግ፣ የክንዱን ውጪኛ ግማሽ መሸፈን ይበቃል።