ለኢታኖል እርሾ ስለሚያስፈልገው ማዕድን

ጠላ በቤቱ የሚያስጠምቅ ሰው ሁሉ ጥንስሱ አንድ ጊዜ ፈጥኖ ሲፈላ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ደንዝዞ ሲቀር አይቷል። ምክንያቱንም ብዙውን ጊዜ በጌሾው ወይም በጠማቂዋ ያሳብባል። ሊቁ ሉዊ ፓስተር ግን በ1860 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ እርሾ ስኳርና የአሞንያ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ የሚያድገው የእርሾ አመድ ሲጨመርበት መሆኑን አስረዳ። አመዱ ማዕድን ነው። ማዕድን ሲባል ወርቅና ብረት ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

በአገራችን በፊንጫ ከሞላሰስ የወጣው ኢታኖል በ2001 ዓ.ም. ከመቶ 5 እጅ በቤንዚን ላይ ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ ተጀምሮ ነበር። ከ100 ኪሎ ግሉኮስ ቢበዛ 51 ኪሎ ኢታኖል ይወጣል፤ የቀረው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። እርሾው ሲደክም ግን ያልተበላው ስኳር ከአተላው ጋር ይፈሳል፤ ይኸውም የጠፋ ገንዘብ ነው።

ሞላሰስ ፖታሲየም ሞልቶ የተረፈው ነው። የአገዳው ጭማቂ በኖራ ስለሚጠራም ካልሲየም ይበዛበታል። ችግሩ ከዚህ ይነሣል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጡት ኤንዛይሞች ያለ ማግኔዚየም አይሠሩም፤ እርሾውም ሙቀትንና አልኮልን የሚችለው በማግኔዚየም ነው። ካልሲየም ከልክ ሲያልፍ የማግኔዚየምን ሥራ ያሰናክላል፤ ስለዚህ የአንዱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ምጣኔ መመርመር ያስፈልጋል። ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመር ደግሞ ካልሲየሙ ጀሶ ይሆንና፥ ውሃ በተደጋገመበት ማንቆርቆሪያ እንደሚታየው ቅርፊት በማንጠሪያው ውስጥ ይለጠፋል።

ዚንክ የሚፈለገው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻውን አልኮል የሚሠራው ኤንዛይም ያለ እርሱ ከንቱ ነው። ሲበዛም መርዝ ይሆናል፤ መዳብም እንዲሁ። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲጎድል ገበሬው የሚያውቃቸው ዩሪያና ዳፕ ይጨመራሉ።

ውሃ ለመቆጠብ ቪናስ የተባለውን አተላ መልሶ ለመበጥበጫ ማዋል መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ጨው በየዙሩ ይከማቻል፥ እርሾውም ይታነቃል። ስለዚህ ፋብሪካ በግዛቱ ያለበት ሹም የሞላሰሱንና የመበጥበጫውን ውሃ የምርመራ ወረቀት አስቀድሞ ይጠይቅ። ያ አተላ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ የውሃውን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣውን ይገድላል፤ በብራዚል ግን በልክ ተሰፍሮ ወደ አገዳው እርሻ ይመለሳል፥ ፖታሲየሙም ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሆናል።