የወፍጮ ቤት ፊዚክስና የሠራተኛው ደኅንነት

የደብረ ታቦር ታሪክ ሲወሳ ጋፋት ሳይነሣ አይታለፍም። ዐፄ ቴዎድሮስ እነ ቴዎፊለስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ አውሮፓውያንንና የአገሩን ሠራተኞች በዚያ አሰባስበው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እ.ኤ.አ. በ1867 አሠርተዋል። ስለ መድፉ ብዙ ተነግሯል፤ ነሐሱን አቅልጠው ስላፈሰሱት ሰዎች ዐይን፣ ጆሮና ሳምባ ግን ሲጠየቅ አንሰማም። ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ነሐስ እርጥበት ባለው ቅርጽ ውስጥ ቢፈስስ፣ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎቱ ከውኃው መጠን ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ የቀለጠው ነሐስ ወደ ሰው ይረጫል። ይህን አደጋ የሚያስቀረው ቅርጹን አስቀድሞ ማድረቅ እንጂ አፍሳሹን «ተጠንቀቅ» ማለት አይደለም።

ዛሬ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ለሚጓዝ ሰው ጋፋትን የሚያስታውስ የሥራ ቦታ በየመንገዱ ያጋጥመዋል። እርሱም የእህል ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩን፣ ድንጋዩንና ዱቄቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚቆመውን ሠራተኛ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ እንመልከት። በአገራችን የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የተለመደ ሞተር በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል ይዞራል። መዘውሩ 20 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ቢኖረው ዙሪያው 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን በ1,450 አባዝተን ለ60 ስናካፍል የቺንጋው ፍጥነት በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል ሆኖ እናገኘዋለን። በሌላ በኩል ሰው አንድ ነገር እንደ ነካው ዐውቆ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ሩብ ሴኮንድ ውስጥ ቺንጋው አራት ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንግዲህ እንደ ገሳይ ባለ ብርዳም አገር ጋቢ ተከናንቦ የሚሠራ ሰው፣ ወይም ተራዋን የምትጠብቅ ሴት ነጠላዋ በቺንጋው ቢያዝ፣ የጨርቁ ጫፍ ብቻ ሳይሆን የቀረውም ተጠቅልሎ የሚያልቀው ሰውየው ገና «ምን ነካኝ?» ሳይል ነው። በጣም ጠንቃቃ የሆነ ሰው እንኳ የነርቩን ፍጥነት ሊያሳድግ አይችልም።

ስለዚህ ቺንጋው መሸፈን አለበት። በብየዳ ቤት ከወንፊት ሽቦና ከማዕዘን ብረት ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። በውጭ አገር በተማርሁበት ቤተ ሙከራ የሌዘሩ ክፍል በር ሲከፈት ጨረሩ በራሱ ይቋረጥ ነበር። የማንም ጥንቃቄ አይጠበቅም፤ ከሊቁ ፕሮፌሰርም ቢሆን። አስተሳሰቡ ለወፍጮ ቤትም ያው ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ ያነሰ ነው።

የድምፁ ነገር የበለጠ ረቂቅ ነው፤ ምክንያቱም ቁስሉ አይታይም፣ አያምምም። ዴሲቤል የሚባለው መለኪያ እንደ ተራ ቁጥር አይደመርም። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የድምፅ ኃይል በእጥፍ ያድጋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ85 ዴሲቤል የሚፈቅደው በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል። የአንድ ወፍጮ ቤት ድምፅ 100 ዴሲቤል ነው እንበል። ልዩነቱ 15 ነው፤ አምስት ጊዜ 3 ማለት ነው። 8 ሰዓትን አምስት ጊዜ ለሁለት ስንከፍል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሠራተኛው ግን ከጧት እስከ ማታ እዚያው ነው።

በውስጥ ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ። በሰው ጆሮ ውስጥ እነዚህ ከሞቱ አይተኩም። በድምፅ ብዛት የሚመጣው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ በቋንቋችን እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉትን ተነባቢዎች የሚለያቸው ድምፅ በአብዛኛው በእንዲህ ያለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ነው። አናባቢዎቹ ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ላይ ስለሆኑ ይሰማሉ። እናም ጆሮው የተጎዳ ሰው ንግግር ይሰማል፤ ዳሩ ግን «ሠራ» ይሁን «ፈራ» መለየት ይቸግረዋል። ቤተሰቡ «የፈለገውን ብቻ ነው የሚሰማው» እያለ ይቀልድበታል።

መፍትሔው እንደገና ከምንጩ ይጀምራል። ሞተሩን በግድግዳ መለየት ይቻላል። እዚህ ላይ ደግሞ የተናቀው የጭቃ ግድግዳ ቆርቆሮን ይበልጠዋል። የግድግዳ ድምፅ የመከልከል ችሎታ በዋነኛነት በካሬ ሜትር ባለው ክብደቱ ስለሚወሰን፣ ክብደቱ በእጥፍ ሲያድግ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ስስ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ጥቂት ኪሎ ግራም ሲሆን ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው። ሆኖም አንድ ክፍት ቀዳዳ ይህን ሁሉ ትርፍ ስለሚያባክን የቺንጋው መተላለፊያ ጠባብ መሆን ይኖርበታል። የጆሮ መከላከያ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ዱቄቱን በተመለከተ፣ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ የእህል አቧራ የሚያደርሰውን ጉዳት ጽፏል። ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተማረም እርሱ ነው። የዱቄት አቧራ አስም እንደሚያስነሣ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። በረጋ አየር ውስጥ 10 ማይክሮሜትር የሆነች ቅንጣት ከአፍ ቁመት ተነሥታ መሬት ለመድረስ 7 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። የመውደቅ ፍጥነት በዲያሜትር ካሬ ስለሚለዋወጥ ግን፣ የ1 ማይክሮሜትር ቅንጣት ከ10 ሰዓት በላይ ሊወስድባት ይችላል። ወደ ሳምባ ጥልቅ የምትገባውም ይህችው ናት። ዱቄቱ ከቀነሰ በኋላ አየሩ ጠራ ማለት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። በመጥረጊያ መጥረግ ያረፈውን መልሶ ያስነሣል። በዱቄት መውጫው ላይ የጨርቅ ከረጢት አጥብቆ ማሰርና ትይዩ መስኮቶችን መክፈት ይሻላል።

በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ሌላ ችግር አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ሞተር ኦክስጅን አንሶት ጭሱን ያበዛል። ኩንታል ተሸክሞ የሚገባ ሰው ደግሞ በዚያው ምክንያት በኃይል ይተነፍሳል። በብርድ ሳቢያ በሩ ተዘግቶ ከሆነ ሁለቱ ይደራረባሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከጣሪያ በላይ መውጣት አለበት።

ሕጉ አልጎደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ግዴታውን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ባለቤቱ ራሱ ወይም ልጁ በሚሠራበት ወፍጮ ቤት ግን አዋጁ ሩቅ ነው።

ተማሪው የራሱን ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ለግምት ይበቃል፤ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ግን አይሆንም። በደጅ፣ ከበሩ 2፣ 4 እና 8 ሜትር ርቆ ይለካ። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ወደ 6 ዴሲቤል መቀነስ ይጠበቃል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ልኬቱን ይድገም። ቆርቆሮው ድምፁን እየመለሰ ይህን ቅናሽ እንዴት እንደሚያጠፋው በቁጥር ያየዋል። ቁጥሮቹን ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ያሳየው፤ ሲገባም ጋቢውን ደጅ ይተው።