የአሮጌ የመስክ መኪና የፊት መብራት ስለ ማሻሻል
ለአስመጪዎች፣ ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎችና ለመኪና ባለቤቶች የሚጠቅም ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። የሸዋ ሮቢት ከተማ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ በሌሊት የሚጓዝ ነጂ በአንዲት ጉዞ ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ፈተና ይገጥመዋል። በጣርማ በር ጉም፣ በቁልቁለቱ ጠመዝማዛ፣ በቆላው ደግሞ አቧራና መንገድ የሚያቋርጡ ከብቶችና ግመሎች ይጠብቁታል።

ይፋት ከጥንት ጀምሮ የንግድ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በአንኮበር ግርጌ የሚገኘው የአልዩ አምባ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። ዛሬም በቀወት ወረዳና በአካባቢው ቆላ የሚመረተው ማሾ፣ ማሽላ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ መሐል አገር ገበያ ይጫናል፤ ከማሾውም ወደ ውጭ አገር የሚላክ አለ። ከእርሻው እስከ አስፋልቱ ባለው ጥርጊያ መንገድ የቆዩ ላንድ ሮቨሮች፣ ላንድ ክሩዘሮችና ፒክ አፖች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆና አድሶ ማቆየት ለባለቤቱም ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴውም ዋና ጉዳይ ሆኗል።

መብራቱ የደከመበት ባለመኪና ወደ ሱቅ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ከዚህ የደመቀ አምፖል» የሚል ነው። ዳሩ ግን የፊት መብራት ጥሩነት በአምፖሉ ድምቀት ብቻ አይለካም። በመጀመሪያ ለአምፖሉ በቂ ኤሌክትሪክ መድረስ አለበት። ቀጥሎ ብርሃኑን የሚመራው አንጸባራቂና የፊት መስተዋት ለመንገዳችን የተሠራ መሆን ይገባዋል። በመጨረሻም መብራቱ በትክክል መነጣጠር ይኖርበታል። እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ የተገዛ ብርቱ አምፖል ለገዢው የገንዘብ ኪሳራ፣ ከፊት ለሚመጣው ነጂ ደግሞ የዓይን ጨለማ ነው።

የመብራትና የፍጥነት ዝምድና

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ነጂው አንድ ላም አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ቢያልፍ 22 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልትና በደኅና ፍሬን ለመቆም 41 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ድምሩ 63 ሜትር ይሆናል። የአጭር መብራት ብርሃን ግን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሜትር ከሚሆነው ርቀት በላይ ጥቁር ነገርን አጥርቶ አያሳይም። እንግዲህ በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ነጂ ላሚቱን ያየበት ጊዜ መቆም የማይችልበት ጊዜ ነው።

ፍጥነቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ቢቀነስ ግን ድምሩ ወደ 40 ሜትር ዝቅ ይላል። በጠጠር መንገድ፣ በቁልቁለትና ፍሬኑ ባረጀ መኪና ርቀቱ ከዚህ ይረዝማል። መብራትን ማሻሻል የሚጠቅመው ነጂው አስቀድሞ እንዲያይ ነው እንጂ በሌሊት ይበልጥ እንዲፈጥን አይደለም።

አንደኛ፤ ኤሌክትሪኩ ከአምፖሉ እንዲደርስ ማድረግ

በብዙ አሮጌ መኪኖች የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ ከባትሪ ተነሥቶ በነጂው ፊት ባለው ማብሪያ በኩል ዞሮ፣ በቀጫጭን ሽቦዎች ወደ መብራቱ ይመለሳል። እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ ሁለት አምፖሎች በ12 ቮልት 10 አምፔር ይጠይቃሉ። ሽቦው ከቀጠነ፣ ማብሪያው ከተበላ፣ ማያያዣዎቹም ከዛጉ የኤሌክትሪኩ ኀይል በመንገድ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል።

ይህ ጥፋት በዓይን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የአምፖል ብርሃን የሚቀንሰው ከቮልቱ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው። ቮልቱ በመቶ 10 እጅ ሲጎድል ብርሃኑ በመቶ 30 እጅ ያህል ይጎድላል። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ 13.5 ቮልት ተለክቶ በአምፖሉ ሶኬት ላይ ግን 12.15 ቮልት ብቻ ቢገኝ፣ ባለመኪናው ከገዛው ብርሃን ሲሶ የሚጠጋው ሳይበራለት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ማሻሻያ በቮልት መለኪያ መጀመር አለበት። በባትሪውና በሶኬቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ካልበለጠ ሽቦው ደኅና ነው።

ልዩነቱ ከበዛ መድኀኒቱ ሪሌ ነው። አንድ ሪሌ ለአጭር፣ አንድ ሪሌ ለረጅም መብራት ይገጠማል። አሮጌው ማብሪያ ከዚያ በኋላ ሪሌውን ብቻ ያዝዛል፤ ዋናው ኤሌክትሪክ ከባትሪው በአጭር መንገድ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ ሽቦ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ መሆን ይገባዋል። ለቀኝና ለግራ መብራት የተለያየ ፊውዝ ማድረግም ጥበብ ነው፤ አንዱ ቢቃጠል ነጂው በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍጹም ጨለማ ውስጥ አይወድቅም። ከሻሲው ጋር የሚያያዘው የኔጋቲቭ ሽቦም ዝገቱ ተፍቆ በአዲስ መታሰር አለበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተጠማዘዘ ሽቦ በኮረኮንች መንገድ ላይ ይፈታል።

በዚህ ሥራ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በብዙ አሮጌ የቶዮታ ላንድ ክሩዘሮች ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጋቲቩን ስለሆነ፣ ሠራተኛው ይህን ሳይመረምር ሽቦ መቀየር የለበትም። እንዲሁም አንዳንድ የናፍጣ መኪኖች 24 ቮልት ናቸውና፣ አምፖልና ሪሌ ከመሸጡ በፊት የመኪናው ቮልት መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛ፤ ለቀኝ መንገድ የተሠራ መብራት መምረጥ

የአጭር መብራት ብርሃን በሁለቱም ወገን እኩል አይደለም። ከፊት የሚመጣውን ነጂ እንዳያውር በመንገዱ መካከል በኩል ዝቅ ይላል፤ እግረኛና ከብት ባለበት በዳር በኩል ግን ከፍ ይላል። በቀኝ በሚነዳበት አገር ከፍ የሚለው የቀኙ ወገን ነው። በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በአውስትራልያ ግን የሚነዳው በግራ ስለሆነ፣ ለእነዚህ አገሮች የተሠራ መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ያነሣል። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ሲበራ ዳሩን አጨልሞ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል።

ኢትዮጵያም ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የገባ መኪና፣ ወይም ከዚያ ወዲህ በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ መለዋወጫ፣ ወደ ተሳሳተው ወገን የሚያበራ ሊሆን ይችላል። ይህን ስሕተት ማንኛውም አምፖል፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ አያርመውም። መለወጥ ያለበት ሙሉው መብራት ነው።

ነጋዴው ዕቃውን በእጁ ይዞ ይህን መለየት ይችላል። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ የተፈቀደ መብራት በመስተዋቱ ላይ በክብ ውስጥ የላቲን ፊደል «ኢ» እና አንድ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠው አገር ምልክት ብቻ ነው፤ 1 ጀርመን፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 11 እንግሊዝ፣ 43 ጃፓን ነው። ወሳኙ ፍላጻው ነው። መብራቱን ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው ወደ ቀኙ የሚያመለክት ፍላጻ ካለ፣ መብራቱ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው። ፍላጻ ከሌለው በቀኝ ለሚነዳበት አገር ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ የሾለ ፍላጻ ያለው ደግሞ ተስተካክሎ ለሁለቱም ያገለግላል።

ሦስተኛ፤ የአምፖሉ ምርጫ

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ዓ.ም. የተሠራው ላንድ ክሩዘር 40 እና ብዙዎቹ አሮጌ ላንድ ሮቨሮች ወርዱ 7 ኢንች፣ ማለት 178 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ መብራት ይይዛሉ። የጥንቱ መብራት አምፖሉ፣ አንጸባራቂውና መስተዋቱ አንድ ላይ የታሸገ ነበርና፣ ሲቃጠል ሁሉም ይጣላል። በእርሱ ፈንታ ተለዋጭ የሃሎጅን አምፖል የሚገባበትን መብራት መግጠም ይቻላል፤ አሮጌው ባለ ሦስት ምላስ ሶኬትም ብዙውን ጊዜ ይስማማዋል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው «ኤች 4» የተባለው አምፖል በረጅሙ 60፣ በአጭሩ 55 ዋት ነው። በአነስተኛ ከተማ ሱቅም መገኘቱ ለሩቅ መንገደኛ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከዚህ የሚበልጥ 100 ዋት አምፖል የሚመርጡ አሉ። ነገር ግን ሙቀቱ አሮጌውን ሶኬት ያቀልጣል፣ አንጸባራቂውን ያጠቁራል፣ ቀጭኑንም ሽቦ ያግላል። የቀድሞው ዓይነት ዲናሞ ያለው ላንድ ሮቨር የሚያመነጨው 20 አምፔር ገደማ ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሁለት ተጨማሪ ባለ 55 ዋት የጉም መብራቶች 9 አምፔር ይወስዳሉና፣ ከዋናዎቹ ጋር ሲበሩ ለባትሪው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።

በሃሎጅን መብራት ውስጥ የሚሰካ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖልም በገበያ በዝቷል። አንጸባራቂው የተቀመረው ለሃሎጅን አምፖሉ ቀጭን ክር ትክክለኛ ስፍራ ነው። የብርሃኑ መነሻ ቅርጽና ስፍራ ሲለወጥ ብርሃኑ ይበተናል፤ ለነጂው ቅርቡን እያነጣ ሩቁን ያጨልምበታል፣ ለመጪውም ያንጸባርቅበታል። የራሱ አንጸባራቂና ሌንስ ያለው፣ ፍላጻውና የፈቃድ ምልክቱ የተሟላ ሙሉ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሚፈልገው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ስለሆነ ደካማ ዲናሞ ላለው መኪና ይጠቅማል። ሆኖም ከበስተኋላው ያለው ማቀዝቀዣ በመብራቱ ማኅደር ውስጥ መግባቱ አስቀድሞ መለካት አለበት፤ ቢበላሽም የሚለወጠው ሙሉ በሙሉ መሆኑን ገዢው ማወቅ ይገባዋል።

አራተኛ፤ ማነጣጠር

ከሁሉ ርካሽ የሆነው ማሻሻያ ይህ ነው። መኪናው የጎማው ንፋስ ተስተካክሎ፣ የዘወትር ጭነቱን ይዞ፣ ነጂውም ተቀምጦበት፣ በተደላደለ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ይቆማል። የመብራቱ መካከል ከመሬት ያለው ከፍታ ተለክቶ በግድግዳው ላይ ይመለከታል። የአጭሩ መብራት የላይ ጠርዝ ከዚያ ምልክት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መዋል አለበት። ጠርዙ ወደ ቀኝ ከፍ ማለት የሚጀምርበት ነጥብ ደግሞ በመብራቱ ፊት ለፊት ይሁን።

ባዶውን የተነጣጠረ መኪና ከኋላው ብዙ ኩንታል ማሾ ሲጫንበት አፍንጫው ይነሣል፤ ብርሃኑም ከመንገዱ ይልቅ ሰማዩን ያበራል። ስለዚህ ጭነቱ ሲለወጥ ማነጣጠሩ እንደገና መታየት አለበት። በጉም ጊዜም ረጅሙ መብራት ከጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይን ስለሚሸፍን፣ በጣርማ በር የሚጠቅመው አጭሩና ዝቅ ብሎ የተሰካ የጉም መብራት ነው።

የነጋዴው ድርሻ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው አብዛኛው የሚወሰነው በጋራዥ ሳይሆን በአስመጪው የትእዛዝ ወረቀት ላይ ነው። «ክብ የፊት መብራት 7 ኢንች» ብሎ ብቻ የሚያዝዝ አስመጪ፣ ፋብሪካው ያለውን ሁሉ ሊልክለት ይችላል። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ እነዚህ በግልጽ እንዲጻፉ ያስፈልጋል፤

1. በቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መሆኑ።
2. የፈቃድ ምልክቱ በመስተዋቱ ላይ የታተመ መሆኑ።
3. ቮልቱ 12 ወይም 24 መሆኑ፣ የአምፖሉም ዓይነትና ዋት።
4. አቧራና ጠጠር ለበዛበት መንገድ የፊት ገጹ ከእውነተኛ መስተዋት መሠራቱ።
5. ሙሉው ጭነት ከመነሣቱ በፊት ናሙና መላኩ።

ናሙናው ሲደርስ በግድግዳ ላይ አብርቶ የሚነሣው ወገን ቀኙ መሆኑን ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ሆነ በሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር የሚሸጥ ባለሱቅም፣ ለደንበኛው አምፖል ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ መኪናው ስንት ቮልት ነው? በመብራቱ ላይ ያለው ፍላጻ ወዴት ያመለክታል? በሶኬቱ ላይ የተለካው ቮልት ስንት ነው? ደንበኛው መልሱን ካላወቀ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልኮ ማስለካት፣ ዛሬ አንድ አምፖል ሳይሸጡ መዋልን ቢያስከትልም፣ ነገ ሪሌውን፣ ሽቦውንና ትክክለኛውን መብራት የሚገዛ የታመነ ደንበኛ ያተርፋል።

በይፋት ቆላ መንገድ ሌሊት የሚገናኙት ሁለት ነጂዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱም የንግድ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሽንኩርት ጭኖ ይወጣል፣ ሌላው ጨርቃ ጨርቅና ሳሙና ይዞ ይወርዳል። የአንደኛው መብራት ለሌላው ዓይን ጠንቅ ከሆነ ሁለቱም ንብረታቸውንና ሕይወታቸውን ያጣሉ። ትክክለኛ መብራት ማስመጣትና በትክክል መሸጥ እንግዲህ ትርፍ ብቻ ሳይሆን የነጋዴውን ማኅበር ራሱን መጠበቅ ነው።