የተመዘዘውን ክር አትሳቢው

ልጄ፣ ባለፈው ቤትሽ ቡና ስጠጣ ሶፋው ሥር ያየሁትን ዝም ያልኩት እንግዶች ስለነበሩ ነው። ከምንጣፉ ስንዝር የሚያህል ክር ወጥቷል፤ አጠገቡ ደግሞ እንደ ፈር የተራቆተ መስመር። እዚህ ቨርጂኒያ ሃያ ዓመት የሰው ቤት ምንጣፍ ሳነጥፍ ኖሬ ለእህቴ ልጅ ይህን አለማስተማሬ አሳፈረኝ።

1. ክር ተመዝዞ ካየሽ አትሳቢ። ይህን ዓይነት ምንጣፍ ሱቅ ውስጥ «በርበር» ይሉታል፤ መጀመሪያ ስሰማ በርበሬ መስሎኝ ነበር። ምንጣፉ እንደ መንዝ ባና የተሸመነ አይደለም። አንድ ክር በመርፌ እየገባ፣ ላይ ቀለበት እየሠራ፣ እንደገና እየገባ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሥራው የመጣው ከጆርጂያዋ ዳልተን ነው። በፈረንጆቹ 1895 ካትሪን ኢቫንስ የምትባል ወጣት የአልጋ ልብስ ላይ ክር ወግታ፣ ጫፉን ቆርጣ፣ አጠበችው፤ ጨርቁ ሲኮማተር ክሩን ያዘው። ዛሬ የሚይዘው ከጀርባ የተቀባው ሙጫ ነው። ቋጠሮ የለውም። ስለዚህ አንዱን ስትስቢ ቀጣዩ ይከተላል፣ እንደ ሹራብ። አንድ ደንበኛዬ ስልክ እያወራ ክሩን በጣቱ ሲጠቀልል የሳሎኑን እኩሌታ አራቁቶት ጠብቆኛል።

2. አንዲት ቀለበት ብቻ ከፍ ካለች አታካብጂው። ክሩ ካልተበጠሰ ትርፉን በወስፌ ጫፍ ለጎረቤት ቀለበቶች ጥቂት ጥቂት አካፍያቸው። ከተበጠሰ ከሌሎቹ ጋር እኩል አድርገሽ ቁረጪ። ወደ ሥር ዝቅ ካልሽ ጉድጓድ ይሆናል፣ የተቆረጠ ክር ደግሞ አያድግም።

3. ረጅም ሆኖ የወጣውን ክር አትጣይ፤ ተመልሶ የሚተከለው ራሱ ነው። አንቺ ቆሻሻ መስሎሽ ቆርጠሽ የምትጥይ ዓይነት ስለሆንሽ ነው ይህን የምነግርሽ። መጀመሪያ ባዶውን ፈር አጽጂ። የምንጣፍ ሙጫ ገዝተሽ እንደ ክር ቀጭን አድርገሽ ፈሩ ላይ አፍስሺ። ከዚያ ክሩ ገና ከተያዘበት ጫፍ ጀምረሽ፣ በጎን ያለውን መስመር እያየሽ፣ በቀጭን ካቻቢቴ አንድ በአንድ ወደ ታች ተጫኚ። ቁመቱ እንዳይለያይ በቀለበቶቹ ውስጥ ስቲኪኒ አስገቢ፤ ሙጫው ሲደርቅ ታወጪዋለሽ። አሥር ቀለበት ከተከልሽ በኋላ ወገብሽን አቅኚ፣ ሻይሽን ጠጪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ ሙጫ አብዝቼ ወደ ላይ ገንፍሎ ደረቀ፣ የቤቱ ሕፃን በባዶ እግሩ ሲረግጠው አለቀሰ። ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ሱፐር ግሉ የሚባለውን ደግሞ አታስጠጊ፤ እንደ አጥንት ይደርቃል።

4. ከሰሉን ከምንጣፉ አርቂ። የእኛን ሰው ምንጣፍ የሚፈጀው ድመትም ጫማም አይደለም፣ ቡና ነው። በርበር ከሚባለው ብዙው ፕላስቲክ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ የጋመ ፍም ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከምድጃው ሥር ሰፊ የብረት ትሪ አድርጊ። ካውያም ምንጣፉ ላይ አታሳርፊ። የቀለጠው ቦታ ጠጥሮ ይቀራል፤ መድኃኒቱ መቁረጥ ብቻ ነው። በስለታም ምላጭ በሁለት ፈር መካከል ቁረጪ፣ በቀለበት ላይ አትሂጂ። መጣፊያውን ከክሎዜቱ ጥግ ውሰጂ፤ ኪራይ ቤት ስለሆነ ግን ባለቤቱን ሳትጠይቂ ምላጭ አታንሺ። ስትለጥፊው የፈሩ አቅጣጫ ከዙሪያው ጋር ይግጠም። አንድ ጊዜ እኔ አዙሬ ለጥፌ ከበሩ ስታይው እንደ ጥቁር መስኮት ይታይ ነበር፤ ነቅዬ እንደ አዲስ ሠራሁት። ላዩ ከባድ መጽሐፍ አድርጊ፣ አንድ ቀን ሙሉም አይረገጥ።

5. ቫክዩሙ የሚሽከረከር ብሩሽ ካለው አጥፊው። ወጣ ያለችውን ክር ጠቅልሎ ይስባታል፤ ሥራውም በቅጽበት ነው።

6. ቅዳሜ ወስፌዬንና ሙጫዬን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ክሯን በፕላስተር መሬት ላይ ለጥፊያት፣ ሶፋውንም እንዳትጎትቺ። የዕቃውን እግር ስታነሺ ደግሞ ጎረቤት ጥሪ።