ጠላዬ ለምን ኮመጠጠ?

ጥያቄ፦ ለገና ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቴ ጠላ ጠመቅሁ። ድፍድፉ ጥሩ መዓዛ ነበረው። ውኃ ጨምሬ በበጠበጥኩት በአራተኛው ቀን ግን ኮምጣጤ ሆነብኝ። የጠመቅሁት በፕላስቲክ በርሜል ነው። ችግሩ ከጌሾው ይሆን?
ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጌሾውን አይውቀሱት። ጌሾ እንዲያውም የሚያበላሹ ተህዋስያንን ይከላከላል። ጠላን የሚያኮመጥጡት በአየር ታግዘው አልኮልን ወደ አሲድ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ድፍድፉ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ያርቅለታል። ከተበጠበጠ በኋላ ግን አልኮሉ ይሳሳል፤ ክዳኑም በየሰዓቱ ይከፈታል።

እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው በርሜሉን ነው። ፕላስቲክ ሲጫር ባክቴሪያ በጭረቱ ውስጥ ይደበቃል፤ እጥበትም በቀላሉ አያስለቅቀውም። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አሽተው ካጠቡ በኋላ በወይራ የሚያጥኑት ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ ጢሱ ተህዋስያንንም ያዳክማል። ጋን ቢያገኙ እመርጥልዎታለሁ። በርሜሉ ቀድሞ ኬሚካል የተያዘበት ከሆነ ግን ጠላውን ሳይቀምሱ ይድፉት።

በሚቀጥለው ጊዜ እንኩሮውን በደንብ አቀዝቅዘው ከጥንስሱ ጋር ያዋሕዱ፤ ትኩስ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል። ድፍድፉን አጥብቀው ይክደኑ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይበጥብጡት፤ ለሁለት ቀን የሚበቃዎትን ብቻ እየቀነሱ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጥብጡ።

ሻጋታ ካዩበት አይጠጡት። የጠጣ ሰው በተደጋጋሚ ካስመለሰው ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።